ገመዱን ባላላውም

ማንኪራ ጫካ ውስጥ ቀፎ ልሰቅል ቀረሮ ዛፍ ላይ ወጥቼ ሳለ ደረቴን ጨመቀኝ። ከግንዱ ጋር የታሰርኩበት ገመድ ነው ብዬ አላላሁት። ሕመሙ አልላላም። ላብ አጠመቀኝ። ግራ እጄ ከዳኝ። እንደ ምንም ወረድኩ።

እኛ ዘንድ ቀፎ ሰቃይ ደረቱን ሲያመው "ገመድ ነው" ይባላል፤ ወጌሻ ተጠርቶ በቅቤ ይታሻል። እኔም ስታሽ ሰነበትኩ። ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም፤ ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኛል፣ እግሬም አበጠ። ባለቤቴ አስቴር "ገመዱ እግርህንም አስሮት ነበር?" ብላ ቦንጋ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ኢሲጂ የሚሉትን የልብ ምርመራ ተነሣሁ። "ልብዎ ደም አጥሮት ተጎድቷል" ብለው ወደ ጅማ ላኩኝ።

ጅማ ያየችኝ ዶክተር ወጣት ናት። ኢኮ የሚሉትን የልብ አልትራሳውንድ ደረቴ ላይ አድርጋ "ጋሽ ገብሬ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ" አለችኝ። ንቡ እንዳይቆጣ ቀፎ ስከፍት ትንፋሼን መያዝ ለምጃለሁ፤ "ይበቃል፣ ይተንፍሱ እንጂ" እስክትለኝ ያዝኩት።

መሣሪያው አዲስ ነበር። የልቤን ግድግዳ ራሱ እየተከተለ ያሰምራል፤ የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ለክቶ ደኅናውን ቀይ ይቀባዋል። የታችኛው ክፍል ግን ሐመር፣ ገርጣጣ ነበር። ዶክተሯ መሣሪያውን ብቻ አላመነችም፤ መስመሩ የሳተበትን በእጇ አርማ እንደገና ለካች። ያው ሆነ።

"ይህ ግድግዳ አይንቀሳቀስም" አለች።

"ሞቷል?"

"ገና አላውቅም። ደንዝዞም ይሆናል። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይቆዩና ደግመን እንለካዋለን።"

ፈራሁ። ከዛፍ በቀር ሙያ የለኝም።

ክረምቱን ኪኒኔን እየዋጥኩ፣ ጨው እየቀነስኩ፣ መጀመሪያ እስከ አጥሩ በር፣ ቆይቶም እስከ ቤተ ክርስቲያኑ እያረፍኩ እየተራመድኩ አሳለፍኩት። ቡናው ሲቀላ ጅማ ተመለስኩ። ዶክተሯ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ሐመር ከነበረው አብዛኛው ቀልቷል፤ ጫፉ ግን እንደ ነበረ ነው።

"ይሄ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ይሠራሉ፣ ይራመዳሉ። ዛፍ ግን ከእንግዲህ አይወጡም።"

አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለዛፉ ነው፤ ስለ ተረፈው ልቤ ያመሰገንኩት ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ነው።

የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ድሮ ሲያመጣው "ንብ እንደ ዶሮ መሬት ላይ ይኖራል ወይ?" ብዬ ያሾፍኩበት ሣጥን ቀፎ ዛሬ ጓሮዬ ተቀምጧል፤ አስቴር ለንቡ ጭስ ታጨሳለች፣ እኔ እከፍታለሁ። የመጀመሪያውን ማር ለዶክተሯ ላክሁ። አስቴርንም ዶክተሯንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ቀፎ የምትሰቅሉ ወንድሞቼ፣ ደረታችሁን ከጨመቃችሁ ገመዱን አላሉት። ገመዱ ላልቶ ደረታችሁ ካልላላ ወጌሻ አትጥሩ፤ ወርዳችሁ በቀጥታ ወደ ሐኪም ሂዱ። የእኔ የልብ ጫፍ የሞተው ስታሽ ከርሜ ነው።