አስራ ሦስተኛው ዘፈን

ቢሮዬ ውስጥ አንድ የወረቀት መብሻ አለ። ሲጫኑት «ቀጭ» ይላል። ካሴት ሲቀዳ ሁለቱ የቴፕ ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ የሚሰማው ድምፅ ቁርጥ ይሄ ነው። ባልደረቦቼ ወረቀት በበሱ ቁጥር እኔ ክው ብዬ ቀና እላለሁ። ምን ሆንሽ ይሉኛል፤ ምንም እላቸዋለሁ። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው አላምንም። ስኳር ልገዛ ስላክ እንኳ ሚዛኑን ጎንበስ ብዬ ሳላይ አልቀበልም ነበር። በሁለት ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ «አንቺ እኮ ፖሊስ ሆነሽ ነው የተወለድሽው» እያለች ትስቅብኛለች። እሷ ደግሞ የሰው ክፉ አይታያትም። ቤታችን ከዓለም ከተማ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ይርቃል፤ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። እህቴ ስምንተኛን በጥሩ ውጤት ስታልፍ አባባ ስንት ቀን ካሰቡ በኋላ ከተማ ቤት ተከራይታ እንድትማር ፈቀዱላት። ሲፈቅዱ ግን ሁለታችንንም ፊታቸው አቁመው ነበር።

«ይቺ ካሳፈረችኝ አንቺም ከዚህ ደጅ አትወጪም» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እህቴን እጠብቃት ጀመር። በየገበያው ቀን ስንቋን ይዤላት የምሄደው እኔ ስለነበርኩ ከማን ጋር ሰላምታ እንደምትለዋወጥ፣ ማን ጠጋ እንደሚላት እያየሁ እመለሳለሁ። አስረኛ ክፍል ደርሳ፣ እኔ ስምንተኛ እያለሁ፣ አንድ የገበያ ቀን ይዛኝ ሙዚቃ ቤት ገባች።

ሙዚቃ ቤቱ መናኸሪያውን አለፍ ብሎ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የካሴት ሽፋን ተለጥፎበታል። ገና በሩን ስታልፉ የጋለ ፕላስቲክና የቴፕ ራስ የሚጠረግበት አልኮል ይሸታችኋል። ከውስጥ ቀይና አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ደጅ ያለው ድምፅ ማጉያ መንገዱን ሁሉ ያናውጠዋል። የምትፈልጉትን ዘፈን ዝርዝር በወረቀት ጽፋችሁ ከባዶ ካሴት ጋር ትሰጣላችሁ፤ በሚቀጥለው ገበያ ተቀድቶ ይጠብቃችኋል። ባለቤቱ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ጠይም፣ ቁጥብ ሰው ነበር። እኔን «ደህና ነሽ?» ብሎ አለፈኝ። እህቴን ግን «ጥናት እንዴት ነው? ፈተናው ደረሰ እኮ» አላት። የእሷ ፈተና እሱን ምን አገባው? ያቺን ያዝኩ።

እህቴ ከደብተሯ ወረቀት ቀድዳ የአስራ ሁለት ዘፈን ስም ጻፈች። ሁሉም እኔ የምወዳቸው ነበሩ፤ የምታስቀዳው ለእኔ ነው። «ቤት ብቻሽን ስትሆኚ እንዳይደብርሽ» አለችኝ። በሚቀጥለው ገበያ ስንመለስ ባለ ሙዚቃ ቤቱ ካሴቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጣት። ከእኛ ቀድሞ ለነበረው መምህር ግን ሳይጠቀልል እንዲሁ ነው ያቀበለው። ያቺንም ያዝኩ።

ቤት ገብቼ፣ በማግስቱ የደከመውን የቴፕ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አሰጥቼ ካሴቱን ከፈትኩት። አስራ ሁለቱም በተራቸው መጡ። የሁለተኛው ገጽ ማለቂያ ላይ ግን ያልታዘዘ ዘፈን ጀመረ። አንድ ወንድ ደጁን ክፍት ትቶ እንደሚጠብቃት፣ ሰው ሳያያት እንድትመጣ ይለምናል። መቼ እንደምትመጣ ሊነግራት ሲል ክሩ አለቀና ቴፑ ቆመ። ቀሪውን በአካል ሊነግራት ነው አልኩ። ጭንቅላቴ የሚሠራው እንዲህ ነበር።

ጥቂት ቀን በሆዴ ይዤው ዞርኩ። እውነቱን ልናገርና፣ የተጨነቅኩት ለእህቴ አልነበረም። እሷ ከተሳሳተች የሚዘጋው የእኔም መንገድ ነው። አባባ ከሰው ከሚሰሙት ከእኔ ቢሰሙ ቢያንስ እኔን ያምኑኛል ብዬ አሰላሁ። ቅናትም አለበት፤ ለእኔ ደጁን ክፍት የተወልኝ ማንም አልነበረማ!

እሁድ አባባ ከቅዳሴ ሲመለሱ ቴፑን አጠገባቸው አስቀምጬ ያንን ዘፈን ከፈትኩት።

«ማነው ይሄ?» አሉ።

«ዘፋኙን አላውቀውም፣ አባባ። ያስገባው ግን ባለ ሙዚቃ ቤቱ ነው። እሷ አላዘዘችም፤ እኔ ቆጥሬያለሁ።»

ደግመው እንድከፍተው አዘዙኝ። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙና «በቃ፣ ዝጊው» ብለው ተነሱ። ሰኞ ጠዋት በቅሏቸውን ጭነው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ እህቴን ከነፍራሿ ይዘዋት መጡ። ፈተናው ሊደርስ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር።

ምን እንዳጠፋች አልነገሯትም። «ምን አደረግሁ?» ስትላቸው «እሱን አንቺ ታውቂዋለሽ» ነበር መልሳቸው። ደብተሮቿን ሳጥን ውስጥ ስትከት አጠገቧ ቆሜ ነበር።

«አንድ ሰው ነገር ሠርቶብኛል» አለችኝ። «ማን ይሆን?»

«እኔ እንጃ» አልኳት። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ የእንባዋ ሙቀት እስካሁን አንገቴ ላይ አለ።

መስከረም ላይ ተራው የእኔ ሆነ። አባባ «አንቺ ታማኝ ነሽ» ብለው እህቴ የተኛችበትን ፍራሽ ራሳቸው ጭነው ከተማ አደረሱኝ። እዚያ እንደገባሁ አንድ ሐሳብ ብቻ ያዘኝ፤ ያንን ሰውዬ እጅ ከፍንጅ መያዝ። ኅዳር ላይ ዝርዝር ጽፌ ካሴት ሰጠሁት። የዛሬን አያድርገውና፣ ስንቀበለው እዚያው ከፍተን የመስማት መብት ነበረን። በሚቀጥለው ገበያ ሄጄ ሁለተኛውን ገጽ ወደ መጨረሻው አሳልፍልኝ አልኩት። ያው ዘፈን መጣ። ያው ሰውዬ ደጁን ክፍት ትቶ ይለምናል።

«ይሄን ማን አዘዘህ?» ብዬ ጮህኩበት።

ባለ ሙዚቃ ቤቱ ግራ ተጋብቶ አየኝ። «በምን ልሙላው ታዲያ? መጨረሻው ላይ ባዶ ከተውኩት ሰዉ ክሬን በላኝ፣ ሰረቀኝ ይላል። እዚህ አገር ማን ሰው ያምናል ብለሽ ነው? ይሄ ዘፈን ሁልጊዜ እጄ ላይ ስላለ ለሁሉም እሱን ነው የምሞላው። ለመምህራኑም፣ ለዲያቆኑም እሱው ነው።» ከዚያ ካሴቱን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረ። «ሩቅ መንገደኛ ናችሁ አይደል? አቧራ ይገባበታል። እህትሽስ? ፈተናው እንዴት ሆነላት? ጎበዝ ናት ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። ደጅ ስወጣ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ፤ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እህቴ ያኔ ገና ቤት ነበረች፤ አልተዳረችም። ለአባባ እውነቱን ብነግራቸው ወደ ትምህርቷ ልትመለስ ትችል ነበር። ግን መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «አንቺ እዚያ ቤት ምን ትሠሪ ነበር?» ብለው ነው። እኔንም ከነፍራሼ እንደሚመልሱኝ ታየኝ። የሚቀጥለው ሳምንት እናገራለሁ፣ ለገና ስሄድ እናገራለሁ አልኩ። ገናም መጣ፣ አልተናገርኩም። ጥምቀት እንዳለፈ እህቴ የአባባ ዘመዶች ወዳሉበት ወደ ራቤል ተዳረች።

አባባ አርፈዋል። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ እዚሁ ዓለም ከተማ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኛለሁ። ሙዚቃ ቤቱ ሞባይል መሸጫ ሆነ፤ ባለቤቱም አገር ለቆ ሄደ ይባላል።

ባለፈው መስከረም እህቴ ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ ዘጠነኛ ክፍል ልትገባ ነው። ራቤልም ትምህርት ቤት አለ፤ እህቴ ግን መኪና እየቀያየረች፣ መንገድ ላይ እያደረች እኔ ዘንድ አመጣቻት። ለምን ይህን ያህል ደከምሽ አልኳት።

«እኔን ያስቀረኝ የሰው አፍ ነው» አለች። «ያ ባለ ሙዚቃ ቤት ነው ስሜን ያነሳው፤ ከተማ ውስጥ ከእሱ በቀር ያነጋገርኩት ወንድ አልነበረም፤ ሌላ ማን ይሆናል? ዛሬም ድረስ ይቅር አላልኩትም። ልጄን ከማላውቀው ሰው ጋር አላስቀምጣትም።»

እሱ አይደለም ልላት አፌን ከፈትኩ። ልጅቷ ሻንጣዋን ታቅፋ እኔንም እናቷንም በተራ ታያለች። ማነው ታዲያ ብትለኝስ? ልጇን ይዛ ብትመለስስ? ይኸው ዛሬም አሰላሁ። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

መናኸሪያ ስንሸኛት በመኪናው መስኮት እጇን አውጥታ እጄን ያዘችኝ። «አደራሽን» አለችኝ። «ከአንቺ ሌላ የማምነው ሰው የለኝም።»

መኪናው ከሄደ በኋላ ልጅቷ ለምን እንደማለቅስ ጠየቀችኝ። ናፍቆት ነው አልኳት። አመነችኝ።