ሽንኩርት የሌለው ሳህን

አክስቴ በምንሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ የምግብ አዳራሽ ዋና አብሳይ ናት። እኔ ፎቅ ላይ እጅጌ እሰፋለሁ። ስለ እሷ ማውራት የፈለገ ሰው ከሽንኩርት ይጀምር። ሽንኩርት ሳያቁላሉ ድስት መጣድ ለአክስቴ ፊት ሳይታጠቡ ሰርግ እንደ መሄድ ነው። ጠዋት ቁሌቱ ሲሸተን የስንቱ ኮሌታ ተጣሞ ተሰፍቷል። ምግቧ ጣት ያስቆረጥማል፤ እሷም ታውቀዋለች፤ ትንሽ ትኮራበታለች። እሺ፣ ብዙ።

ሐኪሟ ለደም ግፊቷ ሲል ጨው ከከለከላት ቆይቷል። እኔም ለዓመታት ለምኛታለሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ጨው የሌለው ምግብ ስሞት እበላለሁ ትለኛለች፤ ከዚያ ዓይኗን በጨው አጥባ እፊቴ ሳህኗ ላይ ትነሰንሳለች።

ምሳ አድላ ስትጨርስ ጓሮ ደረጃው ላይ ትቀመጥና ከድስቱ የተረፈውን ለሁለት ትከፍለዋለች፤ አንዱ ለእሷ፣ ሌላው ለጡረተኛው። ጡረተኛው የፋብሪካው በር ዘበኛ የሚያሳድገው ውሻ ነው። ቀኑን ሙሉ ስለሚተኛ ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል፤ ይሄኛው ግን ሌባ ቢመጣ ፈቀቅ ብሎ ቦታ የሚለቅ ዓይነት ነው። ዘበኛው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ማታ ማታ የሚያወራው ከእሱ ጋር ብቻ ነው።

አንድ ቀን ጡረተኛው መነሳት አቃተው። ድዱ ነጥቷል፣ ሽንቱ ጠቁሯል። ዘበኛው ታቅፎት ወደ እንስሳት ሐኪም ሲሮጥ አክስቴ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ተከተለች፤ እኔም ከኋላ። ሐኪሙ ምን እንደሚበላ ሲጠይቅ አክስቴ ቀና ብላ መለሰች።

«እኔ የምበላውን ነዋ! ሽንኩርት ብትል፣ ነጭ ሽንኩርት ብትል፣ ምንም አላጓደልኩበትም።»

ሐኪሙ ቀስ ብሎ ነገራት። ያሳመመው ይኸው ነው። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬውም ሆነ የበሰለው፣ የውሻ ደም ያበላሻል። ጨው የበዛበትም አይሆነውም፤ ዘቢብና ቸኮሌትማ ጭራሽ አይታሰብም። መድኃኒቱን ሰጥቶ፣ የተቀቀለ ሩዝ፣ አጥንት የሌለው ስጋና ካሮት ብቻ ይብላ አለ። ከበላ ይድናል፤ እምቢ ካለ ግን ተስፋ አልሰጠንም።

መንገዱን ሙሉ አክስቴ አለቀሰች። በገዛ እጄ፣ ያውም አጣፍጬ መርዝ አበላሁት አለች። አልሞተም እኮ እትዬ፣ እያለ የሚያጽናናት ዘበኛው ራሱ ነበር።

በማግስቱ የታዘዘውን ቀቀለች። እሷ የለመደችውን ምሳ ይዛ ተቀመጠች፣ የእሱን ሳህን ከፊቱ አኖረች። ጡረተኛው አሸተተ፣ አየት አደረጋትና ፊቱን አዞረ። ዕድሜ ልኳን ሳህኗን የመለሰባት ሰው የለም። በሚቀጥለውም ቀን ወይ ፍንክች። ዘበኛው በእጁ ሊያጎርሰው ሞከረ፣ አልሆነም። የፋብሪካው መካኒክ ለሽታው ያህል ትንሽ ሽንኩርት ጣል ብታደርጊበትስ ቢላት በጭልፋ አባረረችው። የውሻው ጎድን አጥንት መታየት ጀመረ፤ ዘበኛውም ከሰው ጋር መነጋገር ተወ።

በሦስተኛው ቀን አክስቴ ማንኪያዋን አንስታ ልትጎርስ ስትል ቆም አለች። ጡረተኛው የራሱን ሳህን አያይም። የሚያየው የእሷን ነው። ብድግ ብላ ምግቧን ወደ ውስጥ መለሰችና ከእሱው ሩዝ ለራሷ ጨልፋ መጣች። ጨው የለ፣ ሽንኩርት የለ። እያየችው ጎረሰች። ፊቷን ባያችሁት! እንደምንም ዋጠችው።

«ይጣፍጣል» አለችው ለውሻው፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

ጡረተኛው አንዴ ላሰ። ደግሞ ላሰ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ይበላ ጀመር። ዘበኛው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በኮፍያው ሸፈነው፤ ከፎቅ መስኮቶች ሲያዩ ከነበሩት ሰፊዎች ጭብጨባው ወረደ። እኔ ሥራዬን ትቼ እዚያው ጓሮ በደስታ እዘል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምሳቸው አንድ ሆነ። ጡረተኛው ድኖ፣ አንድ ጠዋት የሥራ አስኪያጁ መኪና ላይ ጮኸ። ዘበኛው እየሳቀ ይቅርታ ጠየቀ። የአክስቴም ግፊት ወረደና ሐኪሟ አመሰገናት። እኔ ግን፣ አልዋሽም፣ በውሻ ቀናሁ። ከክሊኒኩ ስንወጣ አላስችል አለኝ።

«አክስቴ፣ ስንት ዓመት ለምኜሽ ለእኔ ያላደረግሽውን ለውሻ?»

«አንቺ ተዪ አልሽኝ እንጂ» አለች ክንዴን ይዛ፣ «አብረሽኝ አልበላሽም።»

በማግስቱ ከምሳው ሰልፍ ወጥቼ ጓሮ ደረጃው ላይ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ከሩዙ ጨለፈችልኝና ማንኪያዋን አስቀምጣ ጠበቀችኝ። ጡረተኛውም ሳህኑን ሳይነካ ጠበቀኝ። ጎረስኩ።

«ይጣፍጣል» አልኩ።