ለቦራ የተደረገ የህሊና ጸሎት

እሁድ ከሰዓት እዚሁ ንፋስ መውጫ፣ የከተማችን አዳራሽ ገብቼ ከድምፅ ማጉያው ጎን ያለችውን ወንበር ያዝኩ። «ውርጭ» የሚባለው የደብረ ታቦር ባንድ አዲሱን አልበሙን ይዞ መጥቷል። እኔ ግን የሄድኩት ለሙዚቃ ብቻ አልነበረም... ለበቀልም ነው።

ከሥሩ ልንገራችሁ።

የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ፤ ቀን ቀን እህቴ ልብስ ስፌት ቤት ዚፕ እቀይራለሁ፣ ጆሮዬ ላይ ግን ሁሌም ሮክ ነው። ያውም የምሰማው የትልልቆቹን አይደለም። አሳታሚ የሌላቸው፣ ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለው መኝታ ቤታቸው ውስጥ የሚቀዱትን ልጆች... ኢንዲ የሚሏቸውን። አዲስ አልበም ሲወጣ ደጋግሜ እሰማና የተሰማኝን ቴሌግራም ቻናሌ ላይ እጽፋለሁ። ጥሩውን ጥሩ፣ ጭቃውን ጭቃ።

ሰለሞን ደግሞ አለ። በከተማችን ሠርግም ይሁን ምርቃት መድረኩን የሚመራው እሱ ነው። ፌስቡክ ላይ ተከታዩ ብዙ ነው። አንድ ቀን ገጹን ሳይ የኔ ጽሑፍ ቁጭ ብሏል... ቃል በቃል። ከላይ የሱ ስም። ቀጥሎ የጻፍኩትንም ወሰደው። ከዚያ ወዲያ የጻፍኩትንም። ሰዉ «አንተ እኮ ጆሮህ ልዩ ነው» ይለዋል፣ እኔ ዚፕ እየነቀልኩ አነባለሁ።

ገበያው ዳር ከጓደኞቹ ጋር ባጃጅ ተደግፎ አገኘሁትና ጠየቅኩት።

«ሰለሞን፣ ቢያንስ ስሜን ለምን አትጠቅስም?»

«አንቺ ጻፍሽ፣ እኔ አስነበብኩልሽ። ያለኔ ማን ሊያነብልሽ ነበር?» አለኝ። ከዚያ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፣ «አሁን የሷን ስም ባደርገው፣ ሴት ልጅ ስለ ጊታር ታውቃለች ብሎ ማን ያምናል?»

ሁሉም ሳቁ። ወደ ዚፔ ተመለስኩ። ሆዴ ውስጥ ግን አንዲት ፍም አመድ ለብሳ ቁጭ አለች።

ከዚያ የውርጭ አልበም ወጣ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ድራሙ ትንሽ ደረቅ ሆኖ ተቀድቷል፣ ሁለተኛው ዘፈንም ካለቅጥ ረዝሟል። ግን ጊታሩ! አምባሰልን በዚያ በሚሻክር ድምፅ ሲያወጣው ጉና ላይ ቆማችሁ ንፋሱ ፊታችሁን የሚገርፋችሁ ነው የሚመስለው። የመጨረሻው ዘፈን «ቦራ» ይባላል። ድምፃዊው ሀብታሙ የሚዘፍነው ስለ አባቱ በሬ ነው። ቀንበር አለ፣ ቀንድ አለ፣ ግንባሩ ላይ ያለው ነጭ ሳይቀር አለ። አንዴ የሰማ ሰው አይስተውም።

እኔ ግን ሆን ብዬ እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ «ቦራ ድምፃዊው ለአባቱ ያወረደው ሙሾ ነው።»

ሰለሞን እንደ ልማዱ ገለበጠው። ወዲያው የኔን አጠፋሁና ትክክለኛውን ጻፍኩ። የእሁዱን ኮንሰርት መድረክ የሚመራው እሱ ነውና ከዚያ በኋላ እሁድን መጠበቅ ብቻ ነበር።

ኮንሰርቱ ግሩም ነበር። ወደ መጨረሻው ሰለሞን ማይኩን ይዞ ወጣ። ፊቱን አጠቆረ።

«ክቡራትና ክቡራን፣ ይህን አልበም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ቀጣዩ ዘፈን ሀብታሙ በሞት ለተለዩት አባቱ ያወረደው ሙሾ ነው። እባካችሁ ተነሥተን ለነፍሳቸው የህሊና ጸሎት እናድርግ!»

የህሊና ጸሎቱን እኔ አልጻፍኩትም... የራሱ ጭማሪ ነው።

አዳራሹ ሙሉ ተነሣ። ኮፍያ ያደረገ አወለቀ። ሀብታሙ ጊታሩን እንዳቀፈ አፉን ከፍቶ ቀረ። በዚያ ጸጥታ መሃል፣ ፊት ረድፍ ላይ ከሰው ጋር ተነሥተው የቆሙ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ወደ ጎን ዞር አሉ።

«የማን አባት ነው የሞተው?»

«የዘፋኙ» አላቸው አጠገባቸው የቆመው ሰው።

«የሀብታሙ? የሀብታሙ አባት እኔ አይደለሁም እንዴ!»

እመኑኝ፣ እኔ የጠበቅኩት ሀብታሙ እንዲያርመው ብቻ ነበር። ሽማግሌው፣ አያ ደምሴ፣ ልጃቸው ሲዘፍን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዩ ከስማዳ መጥተው እዚያ መቀመጣቸውን በምን ልወቅ? ያንን የጨመረልኝ የላይኛው ነው።

«ስማ አንተ ልጅ!» አሉ ከዘራቸውን ወደ መድረኩ ቀስረው። «ከስማዳ የመጣሁት ልጄን ልሰማ እንጂ ልቀበር አይደለም!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሀብታሙ ግን አልሳቀም። ወደ ራሱ ማይክ ጠጋ አለ።

«ወንድሜ፣ ቦራ እኮ የአባቴ በሬ ነው። ለመሆኑ ዘፈኑን ሰምተኸዋል?»

«በደንብ እንጂ!» አለ ሰለሞን።

«እስኪ አንድ ስንኝ በልልን።»

ሰለሞን ማይኩን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። ዐይኑ ሰዉን ሲያስስ ሲያስስ መጥቶ እኔ ላይ አረፈ... ያኔ ገባው። የሚያመልጥበት አንድ በር ብቻ ነበር፤ «እኔ አይደለሁም የጻፍኩት፣ ከሷ ነው የሰረቅኩት» ማለት። ያንን ደግሞ በከተማው ሰው ሁሉ ፊት እንዴት አድርጎ ይለዋል? ዐይኔን አልነቀልኩለትም። ፈገግ አልኩለት።

ማይኩን መሬት አስቀምጦ በጎን በር ወጣ።

«በሬውም ደህና ነው!» ብለው ጮኹለት አያ ደምሴ ከኋላው።

ከዚያ ቦራ ተዘፈነ። መድረክ ላይ ከአልበሙ ይበልጣል፤ አልበሙ ላይ ደርቆብኝ የነበረው ድራም እዚያ ነፍስ ዘርቷል። አያ ደምሴ እርሻ ላይ እንዳሉ «ሳብ ቦራ! ሳብ!» ሲሉማ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ሰለሞን ትናንት «ስለ እግዜር ብለሽ ይቅር በይኝ» ብሎ ላከልኝ። አይቼዋለሁ... እግዜር ይቅር ይበለው፣ እኔ ግን ገና አጣጥሜ አልጨረስኩም።