ለፌቨን የመረጥኩላት ቤዝ ጊታር

እህቴን ፌቨንን አሶሳ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ያውቃታል። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ አንድ ኮፒ ቤት ስለምትሠራ እዚያ ወረቀት ያሳተመ ሁሉ ፊቷን ያውቀዋል። የእኛ ቸርች ሰው ደግሞ ከአሥራ አምስት ዓመቷ ጀምሮ ከመዘምራኑ ጀርባ ቆማ ቤዝ ጊታር ስትመታ ያውቃታል። አሁን ሃያ አራት ሆኗታል። ቀጭን ናት፤ ቁመቷም ያን ያህል አይደለም፤ ጊታሩን ስትይዝ ጊታሩ እሷን የያዛት ይመስላል። እኔ ታላቅ ወንድሟ ነገራ ነኝ። ባጃጅ ነው የምነዳው። ስለ ሙዚቃ የማውቀው የባጃጄን ቴፕ መክፈትና መዝጋት ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ "ታዲያ ለምን አንተን ላከችህ?" እንዳትሉኝ ነው። እሱን እኔም ራሴን ስጠይቅ ነው የምውለው።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከሮክ ነው። ስልኳ ላይ ስታዳምጥ ስታዳምጥ ያን ጩኸት ወደደችው። ጩኸት ስላት ትቆጣለች። "ነጌ፣ ከሥር ያለውን ስማ እንጂ፤ ያን ሁሉ የተሸከመው እኮ እሱ ነው" ትለኛለች። እኔ ከሥርም ከላይም ያው ጩኸት ነው የሚሰማኝ። ከዚያ ኻሚስ የሚባል የበርታ ልጅ አገኘች፤ ቀን አባቱ ሱቅ ጨርቅ ይሸጣል፣ ሲመቸው ኤሌክትሪክ ጊታር ይጫወታል። ከበሮውን አምባው ያዘ። አባቱ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ እሱ እዚሁ ተወልዶ አማርኛው አሁንም ወሎ ወሎ ይላል። ሦስቱ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ መብራት ካለ፣ ከአምባው ቤት ጀርባ ማንጎዎቹ ሥር ባለ የበቆሎ መጋዘን ውስጥ ይለማመዳሉ። አንድ ቀን ላመጣት ሄጄ በር ላይ ቆሜ አየኋት። እየመታች ትስቃለች። እህቴ ስትስቅ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ስትስቅ ግን አላየሁም።

የራሷ ጊታር አልነበራትም። መጋዘኑም ውስጥ የምትጫወተው ለመዝሙር ልምምድ ብላ በምታወጣው በቸርቹ ጊታር ነው፤ አንገቱ የጎበጠ፣ ክሩ ከእንጨቱ የራቀ፣ ስትጫነው እጇን የሚያሳምማት አሮጌ ዕቃ። ይሁን እንጂ የቸርች መሣሪያ እንደ ሌላ ዕቃ አይደለም። ሲገዛ ሽማግሌዎች እጅ ጭነውበት፣ ተጸልዮበት፣ ለጌታ ተለይቶ ነው የሚገባው። ፌቨን ይህን አሳምራ ታውቃለች። ቢሆንም ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ሲጋበዙ ምን ይዛ ትሂድ? "ለጥገና ነው" ብላ አውጥታ ይዛው ሄደች። አንዱ በስልኩ ቀረጻትና ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። የጊታሩ ማንገቻ ላይ የቸርቻችን ስም በነጭ ቀለም ተጽፏል። በሁለት ቀን ውስጥ ያላየው ሽማግሌ አልነበረም።

ተጠራች። አባታችን ኦቦ ጂራታ ራሳቸው ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው። ያን ቀን ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ነበር የተቀመጡት። ለስድስት ወር ከአገልግሎት ታገደች፤ ጊታሩንም አስረከበች። ስድስት ወሩ ሲያልቅ አንዱን መምረጥ እንዳለባት ነገሯት፤ ወይ መዝሙሩን ወይ ያን ሮክ የሚሉትን። ፌቨን "አስብበታለሁ" ብላ ወጣች። አባን በባጃጅ ይዣቸው ስመለስ እስከ ቤት ድረስ መንገዱን ብቻ ያዩ ነበር። ሦስት ቀን እህል በአግባቡ አልቀመሱም።

ሰው አባን ግትር ናቸው ይላል። እኔ አልልም። በዚያ ክፉ የመፈናቀል ጊዜ ያለንን ሁሉ ጥለን ከካማሺ በኩል ስንወጣ የተቀበለን ይህ ቸርች ነው። ፍራሽ ዘርግቶ፣ ገንፎ አብልቶ፣ እናታችን ስታርፍም ተሸክሞ የቀበራት እሱ ነው። አባ ከዚያ ጉባኤ ከሚለዩ ሞታቸውን ይመርጣሉ። እኔም ብሆን፣ ምን እዋሻችኋለሁ፣ ፈራሁ። ቤት ሲበተን አይቻለሁ፤ ሁለተኛ ለማየት አቅሙ የለኝም።

ፌቨን ግን አንዴ ከቆረጠች ቆረጠች ነው። ዕቁቧ ሲደርሳት "የራሴን ቤዝ እገዛለሁ" አለች። ኻሚስና አምባው በመስከረም፣ በአንድ ትልቅ የአዲስ ዓመት ፕሮግራም ላይ እንዲጫወቱ ተጋብዘዋል፤ ያለ ቤዝ አይሆንላቸውም። እሷም እዚያ መድረክ ላይ ወጥታ ከተሳካላት በዚያው ልትቀጥል፣ ካልሆነ ልትተወው ወስናለች። አሶሳ ውስጥ ደግሞ ቤዝ ጊታር ከየት ይመጣል? ገበያውን ብታገላብጡት የምታገኙት የስልክ ቻርጀር ነው። እኔ በሰኔ ለባጃጄ የሞተር ዕቃ ልገዛ አዲስ አበባ ልሄድ ስነሳ "አንተ ታመጣልኛለህ" አለችኝ።

"እኔ ምኑን አውቄ?"

"የምነግርህን ብቻ አድርግ።"

አንድ ሳምንት ሙሉ ምሳ በበላን ቁጥር አስተማረችኝ። አንገቱን ወደ ዓይንህ አቅርበህ እንደ ጠመንጃ አነጣጥረህ እይ፤ ከጎበጠ ተወው። ክሩ ከእንጨቱ ብዙ አይራቅ። ከላይ እስከ ታች እየተጫንክ ስትመታው የሚንጣጣ ቦታ አይኑረው። በዚህ ገንዘብ አዲስ የሚያብረቀርቅ ርካሽ እንዳያሸክሙህ፤ ያገለገለ ሆኖ ሥራው ደህና የሆነውን ውሰድ። የመጨረሻው ትምህርት ደግሞ ይህ ነበር፤ "ለሮክ ነው። ድምፁ ወፍራም ይሁን፤ በአምባው ከበሮና በኻሚስ ጊታር መሀል እንዳይሰምጥ።"

አዲስ አበባ ያገኘሁት ሱቅ አንድ ፎቅ ሥር ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ሻጩ ሸበቶ ሰው ነው፤ ያለኝን ገንዘብ ስነግረው ሳያፌዝብኝ ሁለት ያገለገሉ ቤዞች አወረደልኝ። አንዱ ጥቁር ነው፤ ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ይታያል፣ ከበድ ይላል። ሌላው ቀይ ነው፤ ቀለል ያለ፣ ንጹሕ። ዋጋቸው እኩል ነው። እንደተባልኩት አነጣጥሬ አየሁ፤ የሁለቱም አንገት ቀጥ ያለ ነው። ክራቸውም ለጣት ቅርብ ነው። የቀረው ድምፁ ነበር። ለፌቨን ደወልኩና ስልኩን ወደ ስፒከሩ አስጠጋሁት። ሻጩ መጀመሪያ ጥቁሩን፣ ቀጥሎ ቀዩን መታ።

"ነጌ፣ ሁለቱም አንድ ናቸው" አለች። "ጢን ጢን ብቻ ነው የሚሰማኝ።"

ሻጩ ሰማትና ፈገግ አለ። የቤዝ ወፍራሙ ድምፅ በስልክ አያልፍም፣ ስልክ ቀጭን ቀጭኑን ብቻ ነው የሚያሳልፈው አለኝ። ይህንኑ ነገርኳት።

"እንግዲያው አንተ ስማልኝ" አለችኝ። "በጆሮህ አትምረጥ። ስፒከሩ ፊት ቁምና ደረትህን የሚመታህ የቱ እንደሆነ ንገረኝ። የእኔ እሱ ነው።"

ቆምኩ። ሻጩ ቀዩን መታ። ጥሩ ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ቸርች የለመድኩት ዓይነት ነው። ከዚያ ጥቁሩን መታ። ምን ልበላችሁ፤ ከሆዴ ተነስቶ ደረቴን ሞላው፣ ሱሪዬ እግሬ ላይ ተርገበገበ። ሙዚቃ የማላውቀው ሰውዬ ፌቨን መጋዘኑ ውስጥ ለምን ትስቅ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ሻጩም "ለሮክ ከሆነ ሌላ አትፈልግ፣ ይኼ ነው" አለኝ።

ስልኩ እንደተከፈተ ነው። "እሺ ነጌ፣ የቱ ነው?"

አባ ያን ቀን ባጃጄ ውስጥ መንገዱን ብቻ እያዩ ሲሄዱ ታወሱኝ። ይህን ጥቁር ይዤላት ከገባሁ ፌቨን ወደ ቸርች አትመለስም አልኩ በሆዴ። እሷ ትወጣለች፣ አባ ይሰበራሉ፣ ቤታችንም ያልቅለታል። ቀዩን ብወስድላት ደግሞ እሱም ደህና ጊታር ነው፤ ለመዝሙር ያምራል፤ ማንም አይጎዳም። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ "ቀዩ ነው" አልኳት። "ቀዩ ደረቴን ነቀነቀው።"

"ተባረክ ወንድሜ" አለችኝ።

ሻጩ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ቀዩን ጠቀለለልኝ።

አሶሳ ስደርስ መናኸሪያ ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ። እዚያው ቆማ ዚፑን ከፍታ አንገቱን ዳሰሰችው። እጇን እንደማያሳምማት ሲገባት ደስታዋን አትጠይቁኝ፤ እኔም ይኼው በጀኋት ብዬ ተጽናናሁ። መጽናናቴ የቆየው እስከ እሁድ ነው። አምባው ከበሮውን ሲጀምር፣ ኻሚስ ያን የሚያጓራ ጊታሩን ሲለቅ፣ የፌቨን ድምፅ ጠፋ። ጣቷ ይሄዳል፤ የሚሰማ ነገር የለም። የአምፕሊፋየሩን ቁልፍ አዞረች፣ ኬብል ቀየረች፣ ሌላ ቀን ክሩን በሙሉ ለውጣ መጣች። ያው ነው።

"ኧረ ፌቨንዬ ጠንከር አርጊው፣ አንቺን እኮ ሰው አልሰማሽም" አላት አምባው።

"ምናልባት ጊታሩ ይሆን እንዴ?" አለ ኻሚስ።

"ጊታሩ ምንም አልሆነም" አለች ፌቨን። "ነጌ ራሱ ሁለቱን አወዳድሮ ነው የመረጠልኝ። እኔ ነኝ።"

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። አንድም ቀን እኔን አልጠረጠረችም። የጠረጠረችው ጣቷን ነው። ክረምቱን ሙሉ ከሥራ ስትመለስ ጓዳ ገብታ ትለማመዳለች፤ የጣቶቿ ጫፍ ተልጦ በፕላስተር ጠቅልላ መታች። አባ በጓዳው በር ሲያልፉ ቆም ብለው ያዳምጡና ይሄዳሉ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ኻሚስ ገበያው ጋ ባጃጄን አስቁሞ ገባ። አፉን የፈታው በበርታ ስለሆነ በአማርኛ ሴቱንም ወንዱንም "እሱ" ነው የሚለው። "ነገራ፣ ፌቨን ጎበዝ ነው" አለኝ። "ግን ድምፅ የለም። ፕሮግራሙ ደረሰ። ወላሂ፣ ለእሱ መናገር አፍሬ ነው ወደ አንተ የመጣሁት።" ያኔ መናገር እችል ነበር። ጥቁሩ ጊታር አልተሸጠ ይሆናል፣ ቢሸጥም ሌላ አይጠፋም፣ ባጃጄን ብሸጥ እንኳ እደርስላት ነበር። እኔ ግን "እኔ ምን ላድርግ ኻሚስ" ብዬ ሞተሩን አስነሳሁ።

ኻሚስ ሳይነግራት ራሷ ተወችላቸው። "ቤዙን በኪቦርድ የሚይዝላችሁ ሰው ፈልጉ፤ እኔን ስትጠብቁ እንዳትዋረዱ" አለቻቸው። በአዲስ ዓመቱ ዕለት እነሱ ሲጫወቱ እሷ ቤት ውስጥ የአባን ሸሚዝ ትተኩስ ነበር። ሙዚቃው ከአደባባዩ በኩል እኛ ሠፈር ድረስ ይሰማል። ካውያውን አስቀምጣ "ለዚህ አልተፈጠርኩም፣ ነጌ፤ በቃ ይኼው ነው" አለችኝ። እውነቱን ልነግራት ነበር። አልነገርኳትም።

በጥቅምት እገዳው አለቀ። ፌቨን ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርባ መዝሙሩን መረጥኩ አለች፤ ቀዩንም ጊታር ለቸርቹ ሰጠች። በማግስቱ እሁድ ጊታሩን መድረክ ላይ አስተኝተው እጅ ጫኑበት። ከሁሉ ላይ የአባ እጅ ነበረ። ጸሎቱ ሲያበቃ ፓስተሩ ምስክርነት እንድትሰጥ ማይክ አቀበላት።

"ወንድሜ አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ሆኖ ሲደውልልኝ" አለች ቀስ ብላ፣ "እኔ ኮፒ ቤት ማሽኑ ሥር ተንበርክኬ ነበር። ይህን ለእሱም አልነገርኩትም። ጌታ ሆይ፣ ይህ መንገድ ከአንተ ከሆነ ጊታሩን ራስህ ምረጥልኝ፣ ድምፁም ይሰማ፤ ከአንተ ካልሆነ ዝጋው አልኩ። ዘጋው። የቻልኩትን ሁሉ አደረግሁ፣ ግን ዘጋው። ከፍቶኝ ነበር፤ አሁን ግን መልስ ስለሰጠኝ አመሰግነዋለሁ።"

ጉባኤው አሜን አለ። አባ በመሀረባቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ፓስተሩ "ይህን መሣሪያ ያመጣልን ወንድም ይነሳና እንየው" አለ። አልተነሳሁም። አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች ክንዴን ይዘው አነሱኝ፣ ተጨበጨበልኝ። ፌቨን ከመድረኩ ላይ ታየኝ ነበር።

ይህ ከሆነ ስምንት ወር አለፈ። ቤታችን አልተበተነም፤ አባም ደህና ይበላሉ። ፌቨን ደግሞ ቁርጥ ያለ ነገር በገጠማት ቁጥር ትንበረከካለች። የሥራ ለውጥ ቢሆን፣ ለትዳር የሚጠይቃት ቢመጣ፣ "እንደዚያን ጊዜ ይነግረኛል" ትላለች፤ ተረጋግታ ትጠብቃለች። ብነግራት እኔን ብትጠላኝ ይገባኛል፤ እሱን እችለዋለሁ። ግን ያን ቀን የመለሰላት እኔ መሆኔን ስታውቅ፣ ከእንግዲህ ተንበርክካ ማንን ትጠይቃለች?