ጡንቻው ላይ የተለጠፈው ቢጫ ወረቀት

እትዬ አውራ ጣት የለጠፉትን የሚያላቅቅ ሰው ገና አልተወለደም። ስሙም የወጣላቸው በዚሁ ነው፤ ጡንቻ ያሳብጣል የሚባለው የጉልበት ዱቄት በሚታሸግበት ፋብሪካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቆርቆሮ ላይ ወረቀት እየለጠፉ በአውራ ጣታቸው ሲያሹ ኖረዋል። አንድ ጊዜ ማሽን መጥቶ ነበር፤ እያጣመመ ሲያስቸግር እሱን አውጥተው እሳቸውን አስቀሩ። ማሽን ያስባረረ ሰው አይታችኋል? እኔ አይቻለሁ። ለነገሩ የማሽኑ ወሬ ሌላ ነው፣ ይቆይ።

አዲስ ደንብ ወጣ። ዱቄቱ ሲመረመር ቅንጣት እርሳስ ተገኘበት፤ የሚጻፍበትን አይደለም የምላችሁ፣ መርዛማውን ብረት ነው። ማስጠንቀቂያ ይለጠፍበት ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ቢጫ ወረቀት አምጥቶ "ከቆርቆሮው ቂጥ ለጥፉት" አለ። እትዬ ማንበብ አይችሉም፤ እንደታዘዙት ለጠፉ።

ፋብሪካው ደግሞ የተጨረማመተውን ቆርቆሮ ለሠራተኛ ይሰጣል። እትዬም አንዱን ለነፍሰ ጡር ልጃቸው ወሰዱላት፣ ትበርታ ብለው። ልጅት ወር ሙሉ በወተት እየበጠበጠች ጠጣችው። ባዶውን ልታጥብ ስትገለብጠው ቢጫውን አየች።

"እማዬ፣ ይሄን አይተሽዋል?"

"እኔው ነኝ የለጠፍኩት። ምን ይላል?"

"ነፍሰ ጡር እንዳትጠጣው ይላል።"

እትዬ አውራ ጣታቸውን ትክ ብለው አዩት። ልጅቷን ሐኪም ቤት ወስደው ለምርመራ ደም አሰጧት። ውጤቱ ነገ ከሰዓት ነው ተባሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ገቡ። ቆርቆሮው ፊት ላይ ደረቱን የነፋ ጎረምሳ ተስሏል። ቢጫውን ልክ ደረቱ ላይ ለጥፈው አሹት። ቀጠሉ። ለምሳ ሲደወል አንድ መኪና ጭነት ጨርሰዋል።

ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣ። "እትዬ! የሰውየውን ጡንቻ ሸፈኑት እኮ!"

"ራቁቱን ነበር፣ አለበስኩት።"

"ያለበት እኮ ቅንጣት ነው! አፈሩም አትክልቱም ውስጥ አለ!"

"ቅንጣት ከሆነ ምን አስደበቀህ? የልጅ ልጄም ገና ቅንጣት ነው።"

"ወይ ይላጡት፣ ወይ ይውጡ!"

"አንተው ላጠው!"

ጀመረ። በጥፍሩ ሞከረ፣ በቢላ ሞከረ፣ ሙቅ ውሃ አስመጣ። ወረቀቱ ሲነሳ የጎረምሳው ደረት አብሮ ተገፎ መጣ። ውጭ የጭነት መኪናው ሹፌር ጥሩምባውን ያስጮኻል። አምስተኛው ቆርቆሮ ላይ ላብ አጠመቀው።

"ጫኑት በቃ!" አለ። ወደ እትዬ ዞረ፤ "ነገ ግን እንዳላይዎት!"

እትዬ ሽርጣቸውን ፈተው ቦታቸው ላይ ሰቀሉት።

"አሁን የልጄን ውጤት ልቀበል ነው። ነገ ግን እመጣለሁ፤ ከቆርቆሮው ቂጥ ያልከኝን ወረቀት አፉ ላይ ነው የምለጥፍልህ።"