አራት ጣት፣ በማን ጣት?

የብየዳ ቤቱ ሰውዬ ዛሬ ጠዋት ሊጨብጠኝ እጁን ሲዘረጋ ጣቶቹን አይቼ ክው አልሁ። የእኔን እጥፍ ይወፍራሉ።

ትናንት ከእሱ ጋር የልጄ የአስካል ባጃጅ እንዳይገለበጥ ብለን የኋላ ጎማዎቹን ወደ ውጭ አስፍተን ነበር። በቅሎ እንኳ ቁልቁለት ስትወርድ እግሯን ፈርከክ ታደርጋለች።

ማስፊያውን ብረት የግራውን እኔ ለክቼ ቆረጥሁ፤ የቀኙን እሱ። ልኩ አራት ጣት ነው ተባባልን። በማን ጣት እንደሆነ ግን አልተነጋገርንም።

ሜትር የለዎትም ወይ ትሉኛላችሁ። የለኝም። ዕድሜዬን ሙሉ በጣቴ ለክቼ ሠርቻለሁ።

አስካል ግን ሰው ጭና ወደ ጽጽቃ የሚወስደውን ቁልቁለት ጀምራለች። ደወልሁ፤ አታነሳም። ደግሜ ደወልሁ፤ አታነሳም።

በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ አነሳች።

«አባዬ፣ ወደ አንድ ጎን ይጎትተኛል። ፈርቼ ሰዎቹን አውርጃለሁ።»

«እንዳትነኪው! መጣሁ።»

«ሜትር ይዘው ይምጡ!»

ሁለት እኩል ብረት እንደገና አስቆርጬ፣ መኪና እየጠበቅሁ ነው ይህን የምጽፈው። ሜትርም ይዣለሁ። ተውሼ ነው እንጂ አልገዛሁም።

እናንተስ በትክክል ለክቻለሁ ብላችሁ እንዲህ የደነገጣችሁበት ቀን አለ? መኪናው እስኪመጣ ጻፉልኝ።