እርጅና የተባለው ስብራት

የሆስፒታሉ ሰው «አጥንት ቆጣሪዋ» ይላታል። አልተሳሳተም። ምድር ቤት ባለችው ጠባብ ክፍሏ ውስጥ፣ የወደቁ አሮጊቶችን የዳሌ ራጅ መብራት ያለው ሰሌዳ ላይ እየሰቀለች ስትመረምር አስራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ጥናቷ ለወገን ይጠቅማል፣ እሰየው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለወገን ብላ አልጀመረችውም። ለቂም ነው የጀመረችው።

እናቷ መታጠቢያ ቤት አዳልጧቸው ወደቁ። ትልቁ ሐኪም፣ የያኔው የአጥንት ክፍል ኃላፊ፣ ራጁን አየት አደረገና «ምንም የለም፣ እርጅና ነው» አለ። በዕድሜውም በማዕረጉም አንቱ ሊባል ይገባው ነበር፤ እኔ ግን አልለውም። እሷ ገና ጀማሪ ሐኪም ነበረች። «ጌታዬ፣ ራጁ ሲነሳ እግሯ ወደ ውጭ ዞሮ ነበር፤ እባክዎ ይደገምልኝ» ብላ ለመነችው። «ደግሞ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?» አለና የእናቷ የሕክምና ካርድ ላይ «እርጅና» ብሎ ፈረመ። እናት በእግራቸው ቤታቸው ገቡ። በአራተኛው ቀን ከወንበር ሲነሱ የዳሌያቸው አጥንት ቀጭ ብሎ ተሰበረ። እንደተኙ ቀሩ፤ በሦስተኛው ወር ሞቱ። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል ይባል የለ?

ካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ሥራዋንም ያዘች። ነገሩ እንዲህ ነው። የጭን አጥንት አንገት አለው። የወደቀ ሰው እግሩን ለቆ ሲተኛ ጣቶቹ ወደ ውጭ ይዞራሉ፤ ያኔ አንገቱ ራጁ ላይ አጥሮ ይታይና ስንጥቅ ካለው ይደበቃል። ጣቶቹን ትንሽ ወደ ውስጥ ካዞሯቸው ግን አንገቱ ተዘርግቶ ይወጣል። በቃ፣ ይቺው ናት። ይቺን ለማሳመን ስንት ራጅ ለቀመች! «ጣት ወደ ውስጥ!» እያለች ራጅ አንሺዎቹን ከማሰልቸቷ የተነሳ፣ እንደምን አደራችሁ ስትላቸው «ጣት ወደ ውስጥ!» ብለው ይመልሱላታል።

እህቷ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። ለፈጣሪ ስጪውና ተይው» ብትላት፣ «ፈጣሪ ሥራ ይበዛበታል» አለቻት።

ይኸው ጥናቱ አለቀ። ዓርብ በትልቁ አዳራሽ ልታቀርብ ነው። ጡረታ የወጣው ትልቁ ሐኪም የክብር እንግዳ ሆኖ ፊት ይቀመጣል፤ እሷም መጨረሻ ላይ ያንን ካርድ ከነፊርማው ግድግዳው ላይ ታበራዋለች። ስንት ሌሊት አልማዋለች መሰላችሁ!

ሰኞ ጠዋት ትልቁ ሐኪም ከደረጃ ወደቀ።

ተረኛው ሐኪም አስጠራት። ስትደርስ ሰውየው አልጋ ላይ ነው፤ ሴት ልጁ አንድ ጫማውን ይዛ አጠገቡ ቆማለች። አጥንት ቆጣሪዋ ራጁን አየችው። እግሩ ወደ ውጭ ዞሯል። ራጅ አንሺው ጣቶቹን ሊያዞርለት ቢሞክር «አታሰቃየኝ!» ብሎ ተቆጥቶታል። ትልቁ ሐኪም ፊልሙን ከእጇ ተቀበለና እሱው ራሱ አነበበው።

«ምንም የለም» አለ። «እርጅና ነው። ልጄ፣ ወደ ቤት ውሰጂኝ።»

የአጥንት ቆጣሪዋ ልብ ዘለለ። እሺ ብትል በቃ! በገዛ አፉ አለው፤ ማን ይጠይቃታል? ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ ብላ በልቧ ቆጠረች። ደስ አላት። አልዋሽም፣ ደስ አላት።

«እህቴ፣ አባዬን ልውሰደው?» አለች ልጅቷ፣ ጫማውን እንደያዘች። እሷም እናቷ የወደቁ ቀን ጫማቸውን ይዛ ነበር።

«የትም አይሄዱም» አለች። ራጅ ክፍል አስገብታ በገዛ እጇ ጣቶቹን ወደ ውስጥ አዞረች። ጮኸ። ከሚገባው በላይ አላሳመመችውም፤ ከሚገባውም አላሳነሰችም።

አዲሱ ፊልም ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ የአጥንቱን አንገት አቋርጣ ታየች። ተረኛው ሐኪም ኦፕራሲዮን ክፍል ሊያስይዝ ሮጠ። ያኔ ካርዱን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ይሄን ጽሑፍ ያውቁታል?»

መነጽሩን አድርጎ አነበበ። «የኔ እጅ ነው። የማን ካርድ ነው?»

ረስቷታል! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

«የእናቴ። በአራተኛው ቀን ተሰበረች። እርጅና የሚለውን ይሰርዙና ስብራት ብለው ይፈርሙልኝ።»

አሻቅቦ አያት። ያን ቀን የለመነችው ጀማሪ ሐኪም እሷ መሆኗ ሲገባው እስክሪብቶ ጠየቀ። ልጁ እያየችው ሰረዘ፤ ጻፈ፤ ፈረመ።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ቀለሙ እስኪደርቅ ካርዱን እፍ እፍ አለችበት።

«ይቅር አልልዎትም» አለችው። «ዓርብ አዳራሽ ውስጥ የማሳየው ይሄን ነው። እስከዚያ እግርዎን እንዳያንቀሳቅሱ።»